በጣሳ የሚለካ ሳሙና፣ በፍሳሽ የሚሄድ ብር

አውቶማቲክ የኬሚካል መጣኝ ለላውንደሪ ባለቤት ምን ያተርፋል? ምንስ ያስከፍለዋል?

አዲስ ሆቴል ሲመረቅ ባለሀብቱ እንግዶቹን የሚያዞረው በእንግዳ መቀበያው፣ በአዳራሹና በመኝታ ክፍሎቹ ነው። ወደ ምድር ቤት ወርዶ ላውንደሪውን የሚያስጎበኝ እምብዛም አይገኝም። ሆኖም ከሆቴሉ ወጪ ውስጥ በየቀኑ ሳይታይ የሚፈሰው ገንዘብ የሚፈሰው በዚያ ክፍል ነው። ውኃው፣ መብራቱ፣ ናፍጣው፣ ሳሙናውና በረኪናው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ዕድሜው ሳይደርስ የሚሳሳው አንሶላ በአንድ ጣሪያ ሥር ይገናኛሉ።

ትልልቅ ማጠቢያ ማሽኖች በአዲስ አበባ ሆቴሎች፣ በግል ሆስፒታሎችና ለደንበኛ በኪሎ በሚያጥቡ ላውንደሪ ቤቶች መተከላቸው አዲስ ነገር አይደለም። ማሽኑ ዘመናዊ ሆኖ ሳለ ሳሙናው ግን በብዙ ቦታ አሁንም በጣሳ ይቀዳል። መጠኑን የሚወስነው የሠራተኛው እጅ ነው። ልብሱ በጣም ቆሽሾ ካየው ይጨምራል፤ አለቃው ከቆመ ይቀንሳል፤ ቅዳሜ ማታ ሥራ ሲበዛበት ደግሞ እጁ እንዳመራው ይደፋል።

የጣሳውን ቦታ ለመውሰድ የሚቀርበው ዕቃ በገበያው ዶዚንግ ፓምፕ እየተባለ የሚጠራው አውቶማቲክ የኬሚካል መጣኝ ነው። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሣጥን ሲሆን ከማሽኑ በሚመጣለት ትእዛዝ መሠረት ሳሙናውን፣ በረኪናውንና ማለስለሻውን ከጀሪካን እየሳበ በሰዓቱና በመጠኑ ወደ ማሽኑ ያስገባል። ሻጮች ዕቃውን የሚያስተዋውቁት ወጪ ቆጣቢ ነው በማለት ነው። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ሣጥኑ የሚቆጥበው የሚለካው ሰው በትክክል ከለካው ብቻ ነው። ካልሆነ አንድ ቀን የተፈጸመን ስሕተት በየዙሩ ሳይደክመው የሚደግም ሠራተኛ ይሆናል።

የጣሳው ሒሳብ

ነገሩን በቁጥር ማየት ይቻላል። 25 ኪሎ ደረቅ ልብስ የሚይዝ ማሽን አለ እንበል። የሳሙናው አምራች ለአንድ ኪሎ ልብስ 8 ሚሊ ሊትር ይበቃል ካለ ለአንድ ዙር የሚያስፈልገው 200 ሚሊ ሊትር ነው። በጣሳ የሚቀዳው 300 ሚሊ ሊትር ቢሆን ትርፉ 100 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ይህ ከአንድ የቡና ስኒ ጥቂት ቢበልጥ ነው፤ ለዓይን አይከብድም። ሦስት ማሽኖች በቀን ስምንት ስምንት ዙር ቢያጥቡ ግን 24 ዙር ነውና በቀን 2.4 ሊትር ያለ ሥራ ይፈሳል። በ300 የሥራ ቀናት 720 ሊትር ማለት ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ቢቆጠር 36 ጀሪካን ይሆናል። አንድ ጀሪካን የሚገዛበትን ዋጋ የሚያውቅ ነጋዴ ቀሪውን ለራሱ ማባዛት ይችላል።

ወጪው በሳሙናው ብቻ አያበቃም። የበዛ ሳሙና በተለመደው ማለቅለቂያ አይወጣም፤ አረፋው ያስቸግራል፤ ሠራተኛው አንድ ማለቅለቂያ ይጨምራል። ማሽኑ ለአንድ ኪሎ ልብስ በአንድ ማለቅለቂያ አምስት ሊትር ውኃ ቢወስድ 125 ሊትር ነው፤ በ24 ዙር 3,000 ሊትር ይሆናል። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በቀን ሦስት ሜትር ኩብ የቦቴ ሒሳብ ነው።

ከሁለቱም የሚብሰው ግን የአንሶላው ነው። በ1,500 ብር የተገዛ አንሶላ 200 ጊዜ ታጥቦ ቢወገድ አንድ እጥበት የአንሶላውን ዋጋ 7 ብር ከ50 ይወስዳል። በበረኪና ብዛት ክሩ ተበልቶ በ120ኛው እጥበት ቢቀደድ ግን በአንድ እጥበት የሚወስደው 12 ብር ከ50 ይሆናል። ልዩነቱ 5 ብር ነው። በቀን 200 አንሶላ የሚያጥብ ሆቴል በየቀኑ 1,000 ብር ከቁም ሣጥኑ እየወጣ ነው ማለት ነው። ይህ ወጪ በሳሙና ግዢ መዝገብ ላይ አይታይም፤ የሚታየው በዓመቱ መጨረሻ አዲስ አንሶላ ሲገዛ ነው፤ ያን ጊዜም ጥፋተኛ የሚባለው ጨርቁን ያቀረበው ነጋዴ ነው።

አሳንሶ መጨመርም ከኪሳራ አያድንም። ቆሻሻው ሳይለቅ የወጣ ልብስ እንደገና ይታጠባል፤ ውኃው፣ መብራቱ፣ ሳሙናውና የሠራተኛው ጊዜ ሁለት ጊዜ ይከፈላል።

ሣጥኑ ውስጥ ምን አለ?

በዓለም ገበያ የሚታወቁት አምራቾች ብዙ አይደሉም። የጣሊያኑ ሴኮ፣ የእንግሊዙ ብራይትዌልና የአሜሪካው ናይት በላውንደሪ ፓምፕ ስማቸው የሚጠራ ናቸው። ኬሚካሉን ከነፓምፑ አጣምረው በማቅረብ ደግሞ የአሜሪካው ኢኮላብ፣ እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2023 በሶሌኒስ ኩባንያ የተገዛው ዳይቨርሲ ትልቅ ድርሻ አላቸው።

በሥራ ላይ ያሉት ዕቃዎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ቱቦ ጨማቂ ፓምፕ ነው። በሞተር የሚዞሩ ሮለሮች አንድ የጎማ ቱቦ እየጨመቁ ፈሳሹን ወደፊት ይገፉታል፤ ኬሚካሉ ከጎማው ውጪ የሚነካው የፓምፕ አካል የለም። ሁለተኛው በውኃ ግፊት የሚሠራ ነው፤ ውኃ በጠባብ ቀዳዳ በፍጥነት ሲያልፍ የሚፈጥረው ስበት ኬሚካሉን ከጀሪካን ይጎትተዋል። ሁለተኛው ሞተርም ጎማም ስለሌለው የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የማይዋዥቅ የውኃ ግፊት ይፈልጋል። ውኃው የሚመጣው ጣሪያ ላይ ከተቀመጠ ሮቶ ከሆነ የአሥር ሜትር ከፍታ የሚሰጠው ግፊት አንድ ባር ገደማ ብቻ ነው። ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ በሌለበት ሕንፃ ይህን ዓይነቱን መትከል ብዙ ጊዜ አያዋጣም። በአገራችን ሁኔታ ቱቦ ጨማቂው የተሻለ ምርጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንድ ሣጥን ከሁለት እስከ ስምንት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ፓምፕ ሊይዝ ይችላል። የተሟላ ላውንደሪ አልካሊ፣ ሳሙና፣ በረኪና፣ የሶዳውን ርዝራዥ የሚሽር ደካማ አሲድና ማለስለሻ ይጠቀማል። አነስተኛ ቤት በሳሙና፣ በበረኪናና በማለስለሻ ብቻ ይሠራል፤ ለእሱ ስምንት ፓምፕ ያለው ሣጥን መሸጥ ሦስት ፎቅ ላለው ቤት የስድስት ፎቅ ሊፍት እንደመሸጥ ነው።

አተካከሉ ላይ የሚበላሸው

ማሽኑና ፓምፑ የሚግባቡት በሲግናል ነው። ማሽኑ ወደ ሳሙና ደረጃ ሲደርስ በአንድ ሽቦ ኤሌክትሪክ ይለቃል፤ ፓምፑም ያን ጊዜ ይነሣል። የሲግናሉ ኃይል እንደ ማሽኑ ዓይነት 24 ቮልት ሊሆን ይችላል፣ 220 ቮልትም ሊሆን ይችላል። የማሽኑን የሽቦ ንድፍ ሳያነብ የሚያገናኝ ቴክኒሽያን በአንድ ደቂቃ ውስጥ የማሽኑን ቦርድ ሊያቃጥል ይችላል። ከሁሉ በፊት ንድፉን መጠየቅ የሚገባውም ለዚህ ነው፤ በተለይ ማሽኑ በሁለተኛ እጅ የተገዛና መጽሐፉ የጠፋበት ከሆነ።

ቀጥሎ የሚመጣው ጊዜ ነው። ሳሙናው መግባት ያለበት ውኃው ልኩን ከያዘ በኋላ ነው። ውኃው ሳይሞላ የገባ ጥሬ በረኪና ያረፈበትን ጨርቅ ይበላዋል፤ ቀዳዳው ግን ወዲያው አይታይም። ከሦስት አራት እጥበት በኋላ ሲታይ ማን እንዳደረገው የሚያውቅ አይኖርም። ስለዚህ ፓምፑ ሲግናሉን እንደሰማ እንዳይነሣ የመቆያ ሰኮንዶች ይሞሉለታል።

በረኪናና አሲድ በአንድ መስመር መገናኘት የለባቸውም። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የሚወጣው ክሎሪን ጋዝ ነው፤ በጠባብ ምድር ቤት ውስጥ ሰው ይገድላል። ቱቦዎቹ በቀለም ይለያሉ፤ ጀሪካኖቹ ተራርቀው በየራሳቸው ገንዳ ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የጋራ መስመር ካለ ከእያንዳንዱ ኬሚካል በኋላ በውኃ ይታጠባል። ባዶ ጀሪካን ሲቀየር የመሳቢያውን ዘንግ ሳያጥቡ ከአንዱ ወደ ሌላው መክተት በብዙ ቤት የሚታይ ልማድ ነው። ጓንትና መነጽር አለ ይባላል፤ ብዙ ጊዜ ግን ከነፕላስቲኩ መሳቢያ ውስጥ ነው።

ብዙ ባለሀብቶች የማያስቡት ሌላ አደጋ አለ። መስመሩን የሚያጥበው ውኃ ከቧንቧ በቀጥታ ከተጠለፈ የከተማው ውኃ በሚቋረጥበት ጊዜ ቧንቧው ወደኋላ ሊስብ ይችላል። ያን ጊዜ አልካሊውና በረኪናው ወደ ሕንፃው የመጠጥ ውኃ መስመር ይገባል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ውኃው መጀመሪያ ክፍት ወደሆነ ትንሽ ማጠራቀሚያ ይወርዳል፤ በቧንቧው አፍና በውኃው መካከል ክፍት አየር ይኖራል፤ ፓምፑ የሚጠቀመው ከማጠራቀሚያው ብቻ ነው። ውኃ በፈረቃ በሚለቀቅበት ከተማ ይህ ከውሉ መውጣት የሌለበት ሥራ ነው።

መብራት ሲጠፋ

በአውሮፓ የተጻፈ የአጠቃቀም መመሪያ ብዙ የማይናገርለት ችግር የመብራት መቆራረጥ ነው። ማሽኑ በዋና እጥበት ላይ ሳለ መብራት ይጠፋል፤ ጄኔሬተር ይነሣል። አንዳንዱ ማሽን ካቆመበት ይቀጥላል። ሌላው ግን ሠራተኛው ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው እንዲያስነሣው ይጠይቃል። ሠራተኛው ቁልፉን ሲጫን ፓምፑ የሚያውቀው አዲስ ዙር እንደተጀመረ ብቻ ነውና ሁለተኛ ልክ ሳሙና፣ ምናልባትም ሁለተኛ ልክ በረኪና በዚያው ልብስ ላይ ይጨምራል። ጣሳ ቢሆን ኖሮ ሠራተኛው አስቀድሞ መጨመሩን ያስታውስ ነበር።

ለዚህ ሁለት መከላከያዎች አሉ። አንደኛው ሣጥኑ የተወሰነ ጊዜ ሳያልፍ ሁለተኛ እንዳይጨምር የሚያደርግ መቆለፊያ እንዲሞላለት ማድረግ ነው፤ አብዛኞቹ ሣጥኖች ይህ አላቸው፤ የሚሞላው ግን የተጠየቀ ቴክኒሽያን ነው። ሁለተኛው ሠራተኛውን ማስተማር ነው። መብራት ሲመጣ ፕሮግራሙን እጥበቱ ከቆመበት ደረጃ ጠርቶ ማስቀጠል፣ ካልተቻለም ፓምፑን አጥፍቶ ማስጨረስ አለበት። ሣጥኑን ከስታቢላይዘር ጋር ማገናኘትም ይመከራል፤ መብራት ሲመለስ የሚመጣው ድንገተኛ ኃይል መጀመሪያ የሚጎዳው እንዲህ ያለውን ትንሽ ቦርድ ነው።

ከፍታችንም የራሱ ጣጣ አለው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ከአውሮፓ ተሞልቶ የመጣ የ95 ዲግሪ ፕሮግራም የተባለው ሙቀት እስኪሞላ የሚጠብቅ ከሆነ የማይመጣ ነገር ይጠብቃል። የሚቀጥለው ሲግናል አይለቀቅም፤ ፓምፑም ዝም ይላል፤ ማሽኑ ናፍጣ ወይም መብራት እየበላ ውኃ ያፈላል። ብዙ ጊዜ የሚወቀሰው ፓምፑ ነው። ችግሩ የሚፈታው ፕሮግራሙን ወደ 85 ወይም ከዚያ በታች በማውረድ ነው።

እንዲህ ማውረዱ ንጽሕናውን አይጎዳም። የሆስፒታል ልብስ ለሚያጥቡ የአሜሪካው የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማእከል የሚመክረው ቢያንስ 71 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ ነው፤ የእንግሊዝ የጤና መመሪያ ደግሞ 65 ዲግሪ ለ10 ደቂቃ ወይም 71 ዲግሪ ለ3 ደቂቃ፣ ሙቀቱ ልብሱን ሁሉ እስኪያዳርስ ከሚወስደው ጊዜ ሌላ፣ ይበቃል ይላል። ሁለቱም ከአዲስ አበባ የመፍያ ነጥብ በታች ናቸው። በረኪናም ቢሆን ከ57 እስከ 63 ዲግሪ ባለው ሙቀት ሥራውን ይሠራል፤ ከዚያ ሲያልፍ ቆሻሻውን ትቶ ጥጡን ይበላል።

የሆስፒታል ውል ለመያዝ የሚያስብ ሌላም ማወቅ ያለበት ነገር አለ። በክሎርሄክሲዲን የተነካ ጨርቅ በረኪና ሲያገኘው የማይለቅ ቡናማ ነጥብ ይይዛል። ለሆቴል አንሶላ የተሞላው ፕሮግራም ለቀዶ ሕክምና ክፍል ጨርቅ ሊያገለግል አይችልም። በሆቴልም በኩል የእንግዳ ልብስ ከአንሶላ ጋር እንዳይደባለቅ ያስፈልጋል። ጥለት ያለው ነጠላ በነጭ ልብስ ፕሮግራም ገብቶ ከወጣ በኋላ የሚከፈለው ካሣ የብዙ ጀሪካን ዋጋ ነው።

ልኬቱ

ፓምፑ ከተሰቀለ በኋላ የሚሠራው ሥራ ከመስቀሉ ይበልጣል። ፓምፑ የሚያውቀው ሚሊ ሊትር ሳይሆን ሰኮንድ ነው። በደቂቃ 400 ሚሊ ሊትር የሚገፋ ከሆነ 200 ሚሊ ሊትር ለማስገባት 30 ሰኮንድ ይሞላለታል። ስለዚህ ቴክኒሽያኑ መጀመሪያ ፓምፑ በእውነት ስንት እንደሚገፋ መለካት አለበት። የሚለካው በውኃ ሳይሆን በራሱ በሳሙናው ነው፤ ወፍራም ፈሳሽ ከውኃ ይልቅ ቀስ ይላል። ቱቦው ከአየር ጸድቶ፣ ማሽኑ አጠገብ ካለው ጫፍ መስፈሪያ ባለው ብርጭቆ ለአንድ ደቂቃ ተቀድቶ፣ ሦስት ጊዜ ተደግሞ አማካዩ ይወሰዳል። በክረምት ማለዳ ምድር ቤቱ ሲቀዘቅዝ የጎላ ልዩነት ካለም ልብ ይባላል።

የጎማው ቱቦ በየዙሩ ስለሚጨመቅ ይላላል። ከወራት በኋላ 400 የነበረው 320 ሊሆን ይችላል። ሰኮንዱ 30 ሆኖ ሳለ የሚገባው 160 ሚሊ ሊትር ብቻ ይሆናል፤ አንድ አምስተኛው ጠፍቷል። ልብሱ ቀስ በቀስ እየጠቆረ ሲሄድ ሠራተኛው በጣሳ መጨመር ይጀምራል፤ ፓምፑም ጣሳውም አብረው ይሠራሉ። በሥራው ልማድ ቱቦው በየስድስት ወሩ ገደማ ይቀየራል፤ ሥራ ለሚበዛበት ቤት ከዚያም በፊት። ለበረኪና የሚስማማው ጎማ ለሌላው ኬሚካል ላይስማማ ስለሚችል መለዋወጫው ሲታዘዝ የኬሚካሉን ዓይነት መጥቀስ ያስፈልጋል።

የበረኪናው ብርታትም ወጥ አይደለም። ለቤት የሚሸጠው አምስት በመቶ አካባቢ ሲሆን ለፋብሪካ የሚቀርበው ከ10 እስከ 12 በመቶ ይደርሳል። በፀሐይና በሙቀት የቆየ ደግሞ ይደክማል። ፓምፑ ለአሥር ተሞልቶ አምስቱ ከተገጠመለት ግማሹን ብቻ ይሠራል፤ ለአምስቱ ተሞልቶ አሥሩ ከተገጠመ አንሶላው ያልቃል። አቅራቢ በተቀየረ ቁጥር ልኬቱ ካልተከለሰ ርካሽ ተብሎ የተገዛው በረኪና ከውዱ ይበልጥ ያስከፍላል።

ውኃውም እንዲሁ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድቦች የሚመጣው ውኃ ለሳሙና የተመቸ ለስላሳ ነው፤ ከአቃቂ ጉድጓዶች የሚወጣው ከእሱ ይከብዳል፤ የድሬዳዋ ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚያስቀረውን ነጭ ድንጋይ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከባድ ውኃ ሳሙናውን ይበላል። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ የተሳካ የሰኮንድ ዝርዝር ተገልብጦ ድሬዳዋ ላይ ቢሞላ አይሠራም።

ልኬቱ በትክክል መሥራቱ የሚረጋገጠው በዓይን ሳይሆን በጠብታ ምርመራ ነው። ከማጠቢያው ውኃ ትንሽ ተቀድቶ ቀለም ይጨመርበታል፤ ሮዝ መልኩ እስኪጠፋ ጠብታ እየተቆጠረ ይጨመራል፤ የጠብታው ብዛት የአልካሊውን መጠን ይነግራል። ለበረኪናም ተመሳሳይ መመርመሪያ አለ። በመጨረሻው ማለቅለቂያ ላይ ደግሞ የውኃው ፒኤች ከ6 እስከ 7 ባለው ቢገኝ ደኅና ነው። ከዚያ ከበለጠ ሶዳው በልብሱ ላይ ቀርቷል ማለት ነው፤ ካውያ ሲነካው ቢጫ ይሆናል፤ የእንግዳውንም ቆዳ ያሳክካል። ምርመራው አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

ከሁሉም ርካሽ የሆነውና ከሁሉም የሚረሳው ዕቃ ሚዛን ነው። ፓምፑ ለ25 ኪሎ ተሞልቶ ሠራተኛው 13 ኪሎ ቢከት ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው ሳሙና ሁለት እጥፍ ሊሆን ምንም አይቀረውም። ፓምፑ ከበሮው ውስጥ ያለውን አያይም። በማሽኑ በር አጠገብ ሚዛን የሌለው ላውንደሪ ዶዚንግ ፓምፕ ቢገዛ ጣሳውን በውድ ጣሳ ለወጠ ከማለት በቀር ሌላ የሚባል የለም።

«በነፃ እንተክላለን»

በገበያው ላይ ሁለት ዓይነት አቀራረብ አለ። አንዱ ዕቃውን ቆርጦ መግዛት ነው። ሁለተኛው የኬሚካል አቅራቢው ፓምፑን ያለ ክፍያ ተክሎ ደንበኛው ኬሚካሉን ከእሱ ብቻ እንዲገዛ መዋዋል ነው። በዓለም ዙሪያ የተለመደው ሁለተኛው ነው፤ ነውርም የለበትም። የፓምፑ ዋጋ ግን የትም አልሄደም፤ በየጀሪካኑ ተከፋፍሎ ገብቷል። የሚፈርመው ነጋዴ ሁለቱን ለማወዳደር የጀሪካኑን ዋጋ ማየት አይበቃውም። የሚወዳደረው አንድ ኪሎ ደረቅ ልብስ ለማጠብ የወጣው የኬሚካል ዋጋ ነው። ውድ ሆኖ በ4 ሚሊ ሊትር የሚያጥብ ሳሙና ርካሽ ሆኖ 10 ሚሊ ሊትር ከሚፈልገው ሊረክስ ይችላል።

በውሉ ላይ መታየት ያለባቸው ጥቂት ነጥቦች አሉ። ሣጥኑ የማን ንብረት እንደሆነ፣ በወር ቢያንስ ስንት ሊትር የመግዛት ግዴታ እንዳለ፣ ቱቦ በማን ወጪ እንደሚቀየርና ቴክኒሽያኑ በስንት ቀን አንዴ መጥቶ የጠብታ ምርመራ ውጤቱን በጽሑፍ እንደሚተው በግልጽ መጻፍ አለበት። አንሶላ በልኬት ስሕተት ቢበላሽ ማን እንደሚክስ ካልተጻፈ ሁልጊዜ የሚከፍለው ባለ አንሶላው ነው። ከዚህ ሁሉ ግን በድርድር ጊዜ የሚታለፈው የመክፈቻው ቁጥር ጉዳይ ነው። የሣጥኑን ሰኮንዶች ለመለወጥ የይለፍ ቁጥር ያስፈልጋል። ቁጥሩ በአቅራቢው እጅ ብቻ ከሆነ ሳሙናውን የሚሸጠው ሰውና የሳሙናውን ፍጆታ የሚወስነው ሰው አንድ ሆነዋል። ባለቤቱ ልኬቱን መለወጥ ባይፈልግ እንኳ ሰኮንዶቹንና ሣጥኑ የቆጠረውን የዙር ብዛት የማየት መብት በውሉ ሊይዝ ይገባል። የዙሩ ብዛት በሚሊ ሊትሩ ተባዝቶ ከተገዛው ጀሪካን ጋር ካልገጠመ አንድም ቱቦው ላልቷል፣ አንድም ጀሪካኑ በሌላ በር ወጥቷል።

የውጭ ምንዛሪውም ስሌቱን ለውጦታል። የብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አልፏል። ኬሚካሉን ከውጭ ለሚያመጣ አቅራቢ የአንድ ዓመት ቋሚ ዋጋ መስጠት ከባድ ነው፤ ለገዢው ደግሞ ዋጋው በየጊዜው የሚከለስ ሆኖ የመግዛት ግዴታው ግን ሳይነካ የሚቆይ ውል ወጥመድ ነው። ዋጋው ሲከለስ ገዢው የመውጣት ዕድል ቢኖረው የተሻለ ነው። ከውጭ የሚመጣው ኬሚካል ሲዘገይ በአገር ውስጥ ምርት ለመተካት የሚያስችል አንቀጽም ያስፈልጋል፤ ሲተካም ልኬቱ በአዲስ መልክ እንዲሠራ፣ ይህም በማን ወጪ እንደሚሆን አብሮ ይጻፋል።

በሁለተኛ እጅ ለሚገበያዩ

ከተዘጉና ከታደሱ ሆቴሎች የሚወጡ ሣጥኖች በደላላ እጅ ይገኛሉ። ዋጋቸው ያጓጓል። ከመግዛት በፊት ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ዕቃው የሻጩ ስለመሆኑ ነው፤ በነፃ ተተክሎ የነበረ ሣጥን የሆቴሉ ላይሆን ይችላል። ቀጥሎ የይለፍ ቁጥሩ ይጠየቃል፤ ቁጥሩ ከሌለና ወደ ፋብሪካው ሁኔታ የሚመልስ ዘዴ ካልታወቀ የሚሸጠው ሣጥን ሳይሆን ፕላስቲክ ነው። ክዳኑ ተከፍቶ ሮለሮቹ በእጅ ሲዞሩ መንቀራፈፍ የለባቸውም፤ ቦርዱ ላይ አረንጓዴ ዝገት ከታየ የበረኪና ጭስ ደርሶበታል። የጎማ ቱቦው በማንኛውም ሁኔታ እንደሚቀየር ታስቦ ዋጋው ይቀነሳል፤ ቱቦው አሁንም የሚመረት መሆኑ ግን በሞዴል ቁጥሩ ከአምራቹ ይጣራል። የሲግናል መቀበያው 24 ነው ወይስ 220 የሚለው ከገዢው ማሽን ጋር ካልተስማማ መሃል የሚገባ ማዛመጃ መግዛት ግድ ነው። ሣጥኑ ሲሠራ ለማየት መብራት ሰክቶ መብራቱን ማየት አይበቃም፤ ጀሪካን ውኃና መስፈሪያ ይዞ ሄዶ እያንዳንዱ ፓምፕ በደቂቃ ስንት እንደሚገፋ በቦታው መለካት ያስፈልጋል። ከስድስቱ አራቱ ብቻ የሚሠሩ ከሆነም ለአነስተኛ ላውንደሪ ሦስቱ ይበቃሉና ዋጋው የሚነጋገሩበት በሚሠሩት ቁጥር ነው።